ከደንገጎ በፊት፦ የመኪና ቀበቶ መቆለፊያ እንዴት እንደሚፈተሽና እንደሚቀየር

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጣ፣ ደንገጎ ላይ ጠመዝማዛው ሲጀምር ቀበቶው ትከሻ ላይ ድንገት ይይዛል፤ መኪናው ሲቃና ይለቃል። «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ የሚፈታው ተሳፋሪ ብዙ ነው። አልተበላሸም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው፦ በእጅ መንጭቀው ሲስቡት እንኳ ዝም ብሎ እየተተረተረ የሚወጣው ቀበቶ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ቢላተም፣ ያልታሰረ ሰው ከፊቱ ያለውን የሚመታው ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደወደቀ ሰው ሆኖ ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ ጋራዥ መግባት አያስፈልግም። ሩብ ሰዓት፣ አንድ ረዳትና ደልዳላ ቦታ ይበቃል። መፍታትና መቀየር ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እሱም ከታች አለ።

መጀመሪያ፦ ውስጡ ምን እንዳለ ይወቁ

በመኪናው ምሰሶ ውስጥ፣ ወለሉ አጠገብ፣ ቀበቶው የሚጠቀለልበት ዕቃ አለ። መጠቅለያ እንበለው። በአንድ ጎኑ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ስስ የብረት ሞላ አለ፤ ሥራው ጨርቁን መልሶ መሳብ ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ሞላው ደክሟል፣ ስለዚህ አይዝም» ይላል። ሞላው ሰውን አይዝም። የሚይዘው በሌላው ጎን ያለው ጥርሳም ብረትና በዚያ ጥርስ ውስጥ የሚገባው ጥፍር ነው።

ጥፍሩን የሚቀሰቅሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛዋ ከብይ የማትበልጥ የብረት ኳስ ናት። እንደ ሲኒ ማስቀመጫ ጎድጎድ ባለች ጎጆ ውስጥ ተቀምጣለች፤ በላይዋ ላይ ቀላል ማንሻ ተደግፏል። መኪናው ድንገት ሲቆም ኳሷ መሄዷን ትቀጥላለች፣ የጎጆዋን ዳር ትወጣለች፣ ማንሻውን ታነሳለች፣ ማንሻው ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ መጠቅለያው አንዲት ጋት እንኳ አይዞርም። ሁለተኛው ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚዞር ትንሽ ክብ ዕቃ ነው። ጨርቁ ቀስ ብሎ ሲወጣ እኩል ይዞራል፤ በኃይል ሲነጠቅ ግን ወደኋላ ይቀርና ጥፍሩን ወደ ውጭ ይገፋል። መኪናው ቆሞ ሳለ በእጅ ስንመነጭቀው የሚቆለፈው በዚህኛው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 16 ልኩን አስቀምጧል። ለተለመደው የቤት መኪና፣ የመኪናው መዘግየት የመሬት ስበት 0.45 እጥፍ ሲደርስ ኳሷ መቆለፍ አለባት። ይህ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ከፍጥነቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል እንደመቀነስ ነው። ጨርቁ እስኪያዝ ድረስም ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ መውጣት የለበትም። መጠቅለያው ከተሠራበት አቋም እስከ 12 ዲግሪ ቢያዘነብል መቆለፍ የለበትም፤ ከ27 ዲግሪ ካለፈ ግን የግድ ይቆለፋል።

እነዚህን ቁጥሮች ይዘን ደንገጎን ብናየው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወጣ አቀበት ስድስት ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ አቀበት ብቻውን ቀበቶ አይቆልፍም። መታጠፊያው ነው የሚቆልፈው። ግማሽ ዲያሜትሩ 28 ሜትር የሆነን ጠባብ ኩርባ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከዞሩት የጎን ግፊቱ ልክ 0.45 ይሞላል። በ30 ከዞሩት 0.25 ገደማ ነው፣ ቀበቶውም ዝም ይላል። በየኩርባው የሚይዝ ቀበቶ ስለ ሾፌሩ ፍጥነት የሚናገረው ነገር አለ።

ፍተሻ አንድ፦ ጨርቁን ማየት

መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ። ቀበቶውን ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ያውጡት፤ ግማሹን አይተው አይለፉ፣ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ተጠቅልሎ የሚውለው ክፍል ላይ ነው። ዳርና ዳሩን በጣት ይዳስሱ። የተቆረጠ ክር፣ የሲጋራ ቃጠሎ፣ እንደ ጥጥ የተበተነ ጠርዝ ካለ ቀበቶው ይቀየራል እንጂ አይሰፋም። የሚሰፋ ክር የሰው ክብደት አይችልም። ፀሐይ ላይ የዋለ ጨርቅ ደግሞ ቀለሙ ነጥቶ ሲታጠፍ እንደ ካርቶን ይደርቃል፤ የድሬዳዋ ፀሐይ በመስኮት በኩል የሾፌሩን ቀበቶ ከሁሉም ቀድሞ ነው የሚበላው። የጨርቁን ስፋት በማስመሪያ ይለኩ፤ 46 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ መሆን አለበት።

ፍተሻ ሁለት፦ መመንጨቅ

ቀበቶውን ሩቡን፣ ግማሹን፣ ከዚያ አብዛኛውን አውጥተው በየቦታው አምስት አምስት ጊዜ በፍጥነት ይመንጭቁት። ሁልጊዜ መያዝ አለበት፤ ትንሽ መለስ ሲያደርጉለትም ወዲያው መልቀቅ አለበት። ቀስ ብለው ሲስቡት ደግሞ መያዝ የለበትም። ከአምስቱ አንዱን ካመለጠ አምስቱንም እንዳመለጠ ይቁጠሩት። አንዳንድ የቆዩ የአሜሪካ መኪኖች ግን በኳሷ ብቻ ስለሚሠሩ ሲመነጨቁ አይዙም፤ ለእነሱ የሚቀጥለው ፍተሻ ነው የሚፈርደው። ሐረር ላይ የምናውቃቸውን ፔጆ 404 ታክሲዎች በመሰሉ አሮጌ መኪኖች ላይ ቀበቶ ካለም አብዛኛውን ጊዜ የማይጠቀለል፣ በእጅ የሚጠብቅ ነው፤ ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

ፍተሻ ሦስት፦ ኳሷን መፈተሽ

ብዙ ሰው ሁለተኛውን ፍተሻ አድርጎ ያበቃል። መመንጨቅ ግን ኳሷን አይፈትናትም፤ ጎጆዋ ውስጥ በአቧራ ተጣብቃ ሳለ እንኳ ቀበቶው በመመንጨቅ ሊያዝ ይችላል።

ሰውም መኪናም የሌለበት ደረቅ አስፋልት ይፈልጉ። በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ወይም ጠጠር ላይ አይሞክሩት፤ ጎማው እየተንሸራተተ 0.45 ሳይሞላ ሊቀር ይችላል፣ ደህናውን ቀበቶም ያለ ጥፋቱ ይኮንኑታል። ሾፌሩም ተሳፋሪውም ቀበቶ ያስሩ። በሰዓት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ተሳፋሪው ደረቱ ላይ ያለውን ጨርቅ በቀስታ፣ ሳያቋርጥ፣ ወደፊት ይሳብ። ሾፌሩ ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥ። በዚያች ቅጽበት ጨርቁ ድርቅ ማለት አለበት። ተሳፋሪው ገላውን ወደ ቀበቶው መወርወር የለበትም፤ እንደዚያ ከሆነ የተፈተነው ሌላኛው ክፍል እንጂ ኳሷ አይደለችም። ለእያንዳንዱ መቀመጫ ሦስት ጊዜ ይድገሙት።

መልሶ የማይሳብ ቀበቶ

እዚህ ድሬዳዋ በብዛት የሚታየው ችግር ይህ ነው፤ ከአስሩ ዘጠኙ ደግሞ የሞላ ጥፋት አይመስለንም። ከትከሻ በላይ ጨርቁ የሚያልፍበትን ቀለበት ይዩት። ላብ፣ አቧራና የቅባት እጅ ተጋግረው ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ሽፋን ሠርተውበታል፤ በጥፍር ቢፍቁት እንደ ሰም ይነሳል። በጣም ቀላል የሆነው ሞላ ይህን መሳብ አይችልም።

ቀለበቱን አልኮል በነካ ጨርቅ ከውስጥ በኩል ይጥረጉ፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው አውጥተው እንዳይመለስ ከቀለበቱ በታች በልብስ መቆንጠጫ ይያዙት። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በስፖንጅ ይጠቡት፣ በንጹህ ውሃ ይጥረጉት፣ በሮቹን ከፍተው ጥላ ውስጥ ያድርቁት። በድሬዳዋ ሙቀት ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ ሐረር ላይ በክረምት እስከ ማግስቱ ይጠብቁ። እርጥቡ ከገባ መጠቅለያው ውስጥ ጭቃ ይሠራል።

በረኪና፣ ቤንዚንና ጠንካራ ኬሚካል የጨርቁን ክር ይበላል። ዘይትና ግሪስ ደግሞ መጠቅለያው ውስጥ በፍጹም አይግባ። ዘይት አቧራን ይጠራል፤ ሁለቱ ተለውሰው ኳሷን ጎጆዋ ላይ ይለጥፏታል፣ መኪናው ሲላተም አትነሳም። የጋራዥ ኮምፕረሰርም እንዲሁ፣ በውጭ ያለውን አቧራ ወደ ውስጥ ነው የሚነፋው። በለስላሳ ብሩሽና በቫኪዩም አፉን ብቻ ያጽዱ።

የተቆለፈና እምቢ ያለ ቀበቶ

ከመፍታትዎ በፊት እነዚህን ይሞክሩ። መኪናው አንድ ጎኑ ቦይ ውስጥ ገብቶ ወይም ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቆሞ እንደሆነ ይዩ፤ አዘንብሏል፣ ኳሷም ተነስታለች፤ ሜዳ ላይ ሲያወጡት ይለቃል። ጨርቁ ቀለበቱ ላይ ተጣሞ እንደሆነ ያቃኑት። ቀበቶውን እስከ መጨረሻ ካወጡት በኋላ ሲመለስ «ቀጭ ቀጭ» እያለ ከሆነ የሕፃን ወንበር ማሰሪያ ሁኔታ ውስጥ ገብቷል፤ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ቢለቁት ራሱ ይስተካከላል። የኋላ ወንበሩ መደገፊያ በደንብ ካልተቆለፈም በውስጡ ያለው ቀበቶ አይወጣም።

አንዳንድ ቀበቶ ማጥበቂያ አለው፤ ግጭት ሲሆን በባሩድ ፈንድቶ ጨርቁን ወደ ኋላ የሚስብ ዕቃ ነው። በአደጋ ጊዜ የፈነዳ ማጥበቂያ ያለው ቀበቶ ግን ተቆልፎ ይቀራል። እሱ አይጠገንም።

መፍታትና መቀየር

የሚያስፈልጉት፦ 14 እና 17 ቡሶላ (በአንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ባለ ኮከብ ጫፉ ቶርክስ 50)፣ የፕላስቲክ ሽፋን ማንሻ፣ ካቻቪቴ፣ ቢቻል ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቅ ኃይልን የሚለካ ቁልፍ)፣ ስልክዎ።

መኪናውን አጥፍተው የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ያውጡ። ማጥበቂያ ወይም ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ፤ 3 ደቂቃ ቢጠብቁ ደግሞ የሚጎዳዎት ነገር የለም። ከመጠቅለያው የሚወጣ ቢጫ ሶኬት ካዩ በቴስተር አይለኩት። የቴስተሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ራሱ ሊያፈነዳው ይችላል።

ከታች ወለሉ ላይ ያለውን ብሎን፣ ከዚያ የትከሻውን ቀለበት ብሎን፣ ከዚያ የምሰሶውን ሽፋን፣ በመጨረሻ የመጠቅለያውን ብሎን ይፍቱ። የትከሻው ብሎን ላይ ያሉትን ዋሸሮች በቅደም ተከተል ፎቶ ያንሱ፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ቀለበቱ አይሽከረከርም፣ ቀበቶውም ጠምዞ ይቀራል።

መጠቅለያውን ከማንሳትዎ በፊት ስልኩን አስጠግተው ይዩት። ከብሎኑ ሌላ፣ ከጀርባው የወጣች ትንሽ የብረት ምላስ በምሰሶው ቀዳዳ ውስጥ ገብታለች። ብሎኑ መጠቅለያውን ይይዛል፤ ይህች ምላስ ግን አቋሙን ትወስናለች። ኳሷ የምትሠራው ጎጆዋ ሜዳ ሲሆን ብቻ ነው፤ ጎጆዋም የተሠራው ለዚያ መኪና ምሰሶ ዘንበል ላለ ልክ ነው። ከሌላ መኪና የመጣ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረ፣ ከኋላ ወደ ፊት የተወሰደ መጠቅለያ ብሎኑ ልክ ቢሆን እንኳ ኳሷ ሁልጊዜ ዳር ላይ ስለምትሆን ቀበቶው አይወጣም። ያን ጊዜ ነው አንዳንዱ ኳሷን አውጥቶ የሚጥላት። «ተስተካከለ» ይባላል፣ ቀበቶው እንደ ልብ ይወጣል፣ ይገባል፤ በግጭት ጊዜም እንዲሁ እንደ ልብ ሊወጣ ነው። እባክዎን ይህን ማንም እንዲያደርግብዎ አይፍቀዱ።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ከዚያው ሞዴል፣ ከዚያው ዘመን፣ ከዚያው ጎን ይሁን፤ የዕቃው ቁጥር ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። በደንቡ መሠረት የተሠራ ከሆነ መለያው ላይ በክብ ውስጥ ያለ የኢ ፊደልና «ኤአር4ኤም» የሚል ምልክት ይኖረዋል፤ 4 ቁጥሩ በአደጋ ጊዜ የሚቆለፍ፣ ኤም ደግሞ ከአንድ በላይ መቀስቀሻ ያለው ማለት ነው። ከተጋጨ መኪና የወጣውን አይግዙ። ምልክቱ የሚደበቅ አይደለም፦ መቆለፊያው ውስጥ የሚሰካው ምላስና የትከሻው ቀለበት ፕላስቲክ ጨርቁ በኃይል ሲያልፍ ቀልጦ ይጫራል፣ ጨርቁም በዚያ ቦታ ያብረቀርቃል፣ ጫፉ ላይ ያለው ስፌት የተተረተረ ሊሆን ይችላል።

ሻጩ ፊት መጠቅለያውን እንደሚታሰርበት ቀጥ አድርገው ይያዙት። ስልክዎ ላይ የሜዳ መለኪያውን ከፍተው ጎኑ ላይ ያስደግፉ። ጨርቁን በቀስታ እየሳቡ ያዘንብሉት፤ እስከ 12 ዲግሪ ይውጣ፣ 27 ሳያልፍ ይያዝ። በአራቱም አቅጣጫ ይሞክሩ። በአንዱ እንኳ ካልያዘ ይመልሱት። የሞላውን ክዳን ግን አይክፈቱ፤ ስስ የብረት ሞላው እንደ ምላጭ ተፈትሎ ይወጣል፣ በእጅ መልሶ መጠቅለልም አይቻልም።

ሲገጥሙ መጀመሪያ ምላሷን ቀዳዳዋ ውስጥ ያስገቡ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ብሎን በጣት ሦስት አራት ዙር ያስገቡ። በጣት ካልገባ ጥርሱ ተዛብቷል፣ በቁልፍ አያስገድዱት። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ብሎኑ የሚጠብቅበት ልክ 42 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ቁልፍ ከሌለ 25 ሳንቲ ሜትር እጀታ ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 17 ኪሎ ያህል ኃይል ማድረግ ወደዚያ ይጠጋል። የራሱን ብሎን ይጠቀሙ፤ ጥርሱ ብዙ ጊዜ የኢንች ነው፣ ከመደብር የተገዛ ሚሊ ሜትር ብሎን የገባ መስሎ ጥርሱን ይበላዋል።

ባትሪውን አስረው ሦስቱንም ፍተሻዎች እንደገና ያድርጉ። አሮጌውን መጠቅለያ ሲጥሉ ጨርቁን በመቀስ ሁለት ቦታ ቆርጠው ይጣሉት፤ ሙሉውን ከጣሉት ነገ አንድ ሰው አንስቶ ይሸጠዋል፣ ሌላ መኪና ላይም ይታሰራል። ማጥበቂያው ካልፈነዳ ደግሞ ከቆሻሻ ጋር አያቃጥሉት፤ ባሩድ አለበት።