ማይክሮፕላስቲክ ፍለጋ ገብታችሁ የራሳችሁን ሹራብ አትቁጠሩ

በቅርቡ ላብራቶሪ ውስጥ ከባህር ውሃ ማይክሮፕላስቲክ (ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣት) የሚፈልግ አንድ ልጅ «ጋሼ ኑ እዩልኝ፣ ሳምፕሉ ክር በክር ሆኗል!» ብሎ ጠራኝ። ማይክሮስኮፑን አየሁ፣ ክሩ ሁሉ ሰማያዊ። ቀና ስል የለበሰው ሹራብም ሰማያዊ። የደብረ ብርሃንን ብርድ አውቀዋለሁ፣ በቲሸርት ግቡ አልልም፣ ግን አክሪሊክ ሹራብና ፖሊስተር ጃኬት ራሳቸው ፕላስቲክ ናቸው፣ እጃችሁን ባነሳችሁ ቁጥር ክር ይራገፋል። ከላይ የጥጥ ጋውን ደርቡና እስከ አንገት ቆልፉት። ጋቢስ ላላችሁኝ፣ ጥጥ ስለሆነ ኤፍቲአይአር (ቁሱ ምን እንደሆነ በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለይ መሣሪያ) ላይ ሴሉሎስ ሆኖ ይለያል፤ በዓይን ብቻ ለሚቆጥር ግን እሱም መከራ ነው፣ ደጅ ተዉት። ደግሞ ብላንክ (ሳምፕል የሌለበት ማነጻጸሪያ)! ስንቴ ልበል? የተጣራ ውሃ ወስዳችሁ ሳምፕሉ ባለፈበት ሁሉ አብራችሁ አሳልፉት፣ አጠገቡ እርጥብ ፊልተር በፔትሪ ዲሽ ክፍቱን አስቀምጡ፣ የአየሩን ይያዝ። እዚያ ላይ ያ ሰማያዊ ክር ከተገኘ ከባህር የመጣ ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ። ብላንክ የሌለው ሪፖርት ይዞ የመጣውን እኔ አላነብለትም።

«ባህር ሳይኖረን የባህር ውሃ ዘዴ ምን ያደርግልናል» የምትሉም አላችሁ። የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ዓባይ፣ ዓባይ ሜዲትራኒያን፤ ዘዴውም በብዛት የተሠራው ለባህር ነው። ችግሩ እንዳለ መገልበጡ ነው። የማንታ መረብ (ውሃ ላይ እየተጎተተ ቅንጣት የሚሰበስብ) ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ወደ 330 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሲሶ) ነው፣ ከዚያ ያነሰው በተለይ ቀጭን ክር ሾልኮ ይሄዳል፣ ደግሞ ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚይዘው። በመረብ የተያዘን በጠርሙስ ከተቀዳ ጋር ማወዳደርማ ይቅር።

ደለል ሲበዛ ፕላስቲኩን ለመለየት በጨው ውሃ ማንሳፈፍ አለ። የገበታ ጨው እስኪበቃው ቢሟሟ ጥግግቱ 1.2 ገደማ ነው፤ ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፕሊን ይንሳፈፋሉ፣ የውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክ (ፔት) ግን 1.38 ስለሆነ ታች ይቀራል። እና «ፔት አላገኘንም» ብሎ መጻፍ ምን የሚሉት ነው? ወይ ዚንክ ክሎራይድ ተጠቀሙ (ሲንክ ውስጥ እንዳትደፉት፣ መርዝ ነው) ወይ ዝም በሉ። የሱቅ ጨው ራሱ ፕላስቲክ ሊኖረው ስለሚችል አሟሙታችሁ አጣሩት።

ሣሩንና አልጌውን ለማጥፋት ጠንካራ አሲድ አትጨምሩ፣ ናይለንን ይበላዋል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሻላል፣ ግን አይረን (የብረት ውህድ) ከጨመራችሁበት ራሱ ይግላል፤ ሁለት ልጆች ቢከሩን ምድጃ ላይ ትተው ሻይ ሊጠጡ ወጡ፣ ሲመለሱ ሳምፕላቸው ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ አይለፍ።

ናይል ሬድ (ፕላስቲክ እንዲያበራ የሚነከርበት ቀለም) ቅባትንም ያበራል፣ የበራ ሁሉ ፕላስቲክ አይደለም።

ኤፍቲአይአር ማይክሮስኮፕ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ላይ ይደክማል፣ ራማን (በሌዘር የሚለየው መሣሪያ) እስከ 1 ማይክሮን ይወርዳል፤ መሣሪያችሁ የሚያየውን ትንሹን መጠን ሳትጽፉ ቁጥር አትስጡኝ።

የባህር ውሃ ካጣራችሁ ደግሞ ፊልተሩን በተጣራ ውሃ እጠቡት እባካችሁ፣ ሲደርቅ የሚያብለጨልጨውን የጨው ክሪስታል «ነጭ ፍርፋሪ» ብሎ የቆጠረ አይቻለሁ።