ለልጃችሁ አጥሚቱን ወፈር አድርጉት

እናቶች፣ ልጃችሁ 6 ወር ሲሞላው ጡቱን ሳታቋርጡ ምግብ አስጀምሩት። እኛ ጎጃም ላይ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው አጥሚቱን አቅጥነን በጡጦ ስንሰጥ ነው። ሆዱን ውኃ ይሞላዋል እንጂ ጉልበት አይሆነውም። መለኪያው ቀላል ነው፦ ማንኪያውን ዘንበል ስታደርጉት እንደ ውኃ ከፈሰሰ ቀጥኗል፤ ማንኪያው ላይ ቆይቶ ቀስ ብሎ ከወረደ ልክ ነው።

በቆሎም ይሁን ጤፍ ብቻውን አይበቃም። ድንች ወይም ዱባ ቀቅላችሁ አድቅቁበት፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ፈርፍሩበት፣ ቅቤም ጠብ አድርጉበት። ሲጀምር 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል። በምላሱ ገፍቶ ቢያወጣው "አልወደደውም" ብላችሁ አትተዉት፤ መዋጥ እየተማረ ነው። የእኔ ልጅ ዱባን የዋጠው በአራተኛው ቀን ነው።

ማር ግን አደራ! የአገራችን ማር ምንም ንጹሕ ቢሆን 1 ዓመት ሳይሞላው ጫፉን እንኳ አታቅምሱት፤ የሕፃን አንጀት የማይቋቋመው ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል።

ጾም ሲገባም እንቁላሉን አታስቀሩበት። ዕቃ ይነካካብኛል ካላችሁ ለእሱ ብቻ አንድ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለዩለት።