የቼዝ ፕሮግራም የመክፈቻ መጽሐፍ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የፖሊግሎት (ቢን) መጽሐፍ፣ ማለትም ለየአቀማመጡ የሚጫወተውን የመክፈቻ እርምጃ የያዘ ፋይል፣ አዘጋጅታችሁ ፕሮግራሙ እንዳሰባችሁት ካልተጫወተ፣ ሞተሩን (እርምጃውን የሚያስበውን ክፍል) ከመቀየራችሁ በፊት ከዚህ ጀምራችሁ ፈትሹ። ቀላሉን አስቀድመናል። ትእዛዞቹን በፊደላችን ጻፍናቸው እንጂ ስትተይቡ በላቲን ነው።

መጽሐፉን ጨርሶ አይነካም

ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ራሱ የሚያስብ ከሆነ፣ መጽሐፉ አልተያያዘም። ስቶክፊሽ የተባለው ሞተር ዛሬ በራሱ የመክፈቻ መጽሐፍ አያነብም፤ የሚያነብለት እንደ አሬና ወይም ኪዩት ቼዝ ያለው መጫወቻ (ሰሌዳውን የሚያሳየው ፕሮግራም) ነው። ፋይሉን እዚያ ምረጡ። ሲቲጂ የቼዝቤዝ፣ ኤቢኬ የአሬና የመጽሐፍ ፋይል ዓይነት ስለሆነ ስሙን ወደ ቢን ብትለውጡት ይዘቱ አይለወጥም።

ጥቂት እርምጃ በደንብ ሄዶ ድንገት ይረሳል

ደብረ ብርሃን አውርዶ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ በፍላሽ የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ይህን ይጠርጥር፦ ቅጂው ሳያልቅ ፍላሹ ተነቅሏል ወይም መብራት ጠፍቷል። የሚያታልለው፣ የተቆረጠ መጽሐፍ የሚሠራ መምሰሉ ነው። መዝገቦቹ በቁልፍ ቁጥራቸው (ከአቀማመጡ በሚሰላው መለያ) ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደሩ ናቸው፤ የመነሻው አቀማመጥ ቁልፍ በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት) ሲጻፍ በ463 ስለሚጀምር ከፋይሉ ሩብ አካባቢ ይገኛል። ግማሹ ቢጠፋም መነሻው አለ፤ የጠፉት ቁልፋቸው ትልቅ የሆነ አቀማመጦች ናቸው።

እያንዳንዱ መዝገብ 16 ባይት ነው፦ 8 ለቁልፍ፣ 2 ለእርምጃ፣ 2 ለክብደት፣ 4 ለትምህርት። ስለዚህ የፋይሉ መጠን ለ16 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ብቻ ማካፈል ይበቃል፦ 3,204,816 ከሆነ 4816 ሲካፈል 301 ይመጣል፤ ደህና ነው። ዊንዶውስ «ዲስክ ላይ የያዘው» የሚለውን ቁጥር ግን አትውሰዱ፤ እሱ ተጠጋግቶ ስለሚወጣ ሁልጊዜ ይካፈላል። ፋይሉ ልክ በ16 ብዜት ላይም ሊቆረጥ ይችላል፤ እርግጠኛ ለመሆን የዋናውንና የቅጂውን ባይት አስተያዩ።

ከመጽሐፉ ውስጥ እያለ ንግሥቱን ያስበላል

ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የሰጣችሁት ጨዋታ ነው። መጽሐፉን ከጨዋታዎች የሚሠራው የፖሊግሎት ትእዛዝ፣ ሜክ-ቡክ፣ ለአንድ እርምጃ ለድል 2፣ ለአቻ 1፣ ለሽንፈት 0 ይሰጣል፤ ስለዚህ የተዘወተረው ጥሩውን ይበልጣል። በ100 ጨዋታ 30 ድልና 40 አቻ ያመጣ እርምጃ 100 ነጥብ ያገኛል፤ በ20 ጨዋታ 18 ድልና 2 አቻ ያመጣው ግን 38 ብቻ። በዕጣ ሲመረጥ ደካማው ከአራቱ ሦስቱን ያህል ይወጣል። ፔትሮፍ በሚባለው መክፈቻ ጥቁር በ3ኛው እርምጃ ኢ4ን በፈረሱ በልቶ፣ ነጭ ንግሥቱን ኢ2 ሲያቆም ፈረሱን ወደ ኤፍ6 ቢመልስ፣ የነጭ ፈረስ ሲ6 ላይ ሲያርፍ ከኋላው ቼክ ይከፈትና የጥቁር ንግሥት ትበላለች። የጀማሪዎች ጨዋታ በሞላበት ፒጂኤን (የጨዋታ መዝገብ ፋይል) ይህም ነጥብ አያጣም።

ሁለቱም ተጫዋቾች ከ2300 ኢሎ (የተጫዋች ደረጃ ነጥብ) በላይ የሆኑበትን ብቻ በስኪድ (የጨዋታ ማከማቻ ፕሮግራም) አጣሩ፤ ብሊትዙን (ፈጣኑን ጨዋታ) አውጡ። ከዚያ የመስመሩን ርዝመት የሚወስነውን ማክስ-ፕላይን 24 (12 ሙሉ እርምጃ)፣ እርምጃው ቢያንስ በስንት ጨዋታ መታየት እንዳለበት የሚወስነውን ሚን-ጌምን 5 አድርጉ። ለነጭና ለጥቁር በኦንሊ-ዋይትና በኦንሊ-ብላክ ለየብቻ ሠርታችሁ በመርጅ-ቡክ ብታዋህዱ ይሻላል።

ከመጽሐፉ እንደወጣ ራሱን ተሸናፊ ያያል

መስመሩ መበላላቱ ሳያልቅ ተቆርጧል። የየመስመሩን መጨረሻ አቀማመጥ ለሞተር ሰጥታችሁ አስመርምሩ፤ መጥፎ የሆነውን መስመር እስከ መጨረሻው አማራጭ ድረስ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ሰርዙ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

የራሳችሁ ፕሮግራም የጻፈው መጽሐፍ አይነበብም

ባይቶቹ ከትልቁ ወደ ትንሹ መጻፍ አለባቸው፤ በተለመደው ኮምፒውተር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ካስሊንግ ንጉሡ ወደ ግንቡ ቤት እንደሄደ ይመዘገባል፦ ከኢ1 ወደ ኤች1 እንጂ ወደ ጂ1 አይደለም። አንፓሳንም (ሁለት ቤት የዘለለን ወታደር በመንገዱ መብላት) ቁልፉ ውስጥ የሚገባው፣ ሊበላው የሚችል የተቃራኒ ወታደር ጎኑ ላይ ካለ ብቻ ነው። የአገራችንን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ በዚህ ቅርጽ ለማስገባት የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ፣ ቁልፉ ተራው የማን እንደሆነ ይቆጥራል፤ ወረራ (የሰንጠረዥ መጀመሪያ ክፍል) ላይ ግን የመጀመሪያው እስኪበላ ተራ የለም።

እየደጋገመ አቻ ይወጣል

መጽሐፉ አቀማመጥን እንጂ ያለፈውን አያውቅም፤ ወዲያ ወዲህ የሚመላለስ መስመር ካለ ሦስት ጊዜ ይደግመዋል። መላሹን እርምጃ ሰርዙ፣ ወይም መጽሐፉ ከ10ኛው እርምጃ በላይ እንዳይሠራ በመጫወቻው ወስኑ።