ጆሮ የማይለያቸው የእንግሊዝኛ ቃላት

አማርኛ ስንጽፍ «ጸሐይ»ም አልን «ፀሀይ» አንባቢ ይገባዋል። ሊቃውንቱ በንጉሡ «ሠ» የተጻፈው «ሠረቀ» ብርሃን ወጣ ማለት ነው፣ በእሳቱ «ሰ» ከሆነ ግን ሌብነት ነው ይላሉ። እኛ ማለፍ ለምደናል። እንግሊዝኛ ላይ ይህ ልማድ ዋጋ ያስከፍላል። ድምፁ አንድ ሆኖ ፊደሉ ሲለወጥ ቃሉ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩም በቀይ አያሰምርበትም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ናቸውና። ስህተቱ እንዲሁ ታፔላ ላይ ይወጣል፣ ለዓመታትም እዚያው ይቆያል።

በጣም የሚያሳዝነኝ «ስቴሽነሪ» ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጡ ሱቆች ሞልተዋል፤ ተማሪው ቀና ሲል የሚያነበው ታፔላቸውን ነው። ለጽሕፈት መሣሪያ የሚሆነው ከ«አር» በፊት «ኢ» ያለው ነው፤ ኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ ስትጻፍ የምትጀምርበት ፊደል። በዚያ ቦታ «ኤ» ከገባ «ባለበት የቆመ፣ የማይንቀሳቀስ» ይሆናል። ቢምታቱ አይገርምም፣ ምንጫቸው አንድ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጽሐፍ ሻጩ «ስቴሽነር» የተባለው እንደ አዟሪ ሳይዞር አንድ ቦታ ሆኖ ስለሚሸጥ ነበር። «ፔፐር» የሚለው ቃልም የሚያልቀው በ«ኢ»ና በ«አር» ነው፤ ወረቀትን ካሰቡ አይሳሳቱም።

«ሊቭ» ደግሞ ሲቪ ላይ ጉድ ይሠራል። እንግሊዞች መኖር ሲሆን ድምፁን ያሳጥሩታል፣ ለቆ መሄድ ሲሆን ይስቡታል። አማርኛ አናባቢን በርዝመት ስለማይለይ ለጆሯችን አንድ ይሆናል። «ካዛንቺስ እኖራለሁ» ሊሉ አስበው «ለቅቄ እሄዳለሁ» ብለው ይጽፋሉ። ቀጣሪ ገና ፊትዎን ሳያይ የሚያየው ያንን ወረቀት ነው፤ ሥራ ፈላጊ በአንዲት ፊደል መገመት የለበትም። ለመኖር ከ«ኤል» ቀጥሎ «አይ» ብቻ ይበቃል። ለመሄድ «ኢ»ና «ኤ» ይከተላሉ።

ሆቴሎች ቁርስ በነጻ ነው ለማለት «ኮምፕሊመንተሪ» ይላሉ። ከ«ኤል» ቀጥሎ «አይ» ካለ ልክ ነው። «ኢ» ከሆነ «ማሟያ» ማለት ነው።

ምናሌ ላይ «ዴዘርት» ሲጽፉ ጣፋጩ ሁለት «ኤስ» አለው፣ በረሃው አንድ።

«ዩር» ላይ ከተጠራጠሩ ዘርግተው «ዩ አር» ብለው ያንብቡት። ዓረፍተ ነገሩ ካልተበላሸ ከላይ ጭረት (አፖስትሮፍ) ያለውን ይጻፉ። ከተበላሸ «ያንተ» የሚለው ነው፣ ጭረት አያስፈልገውም።