ድሬ ላይ በሳይክልና በሞተር በሰላም ለመመላለስ

ከሳቢያን ሰፈር ወደ ከዚራ በሳይክል መመላለስ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ታክሲ መጠበቅ የለም፣ መንገዱ ብዙ ዳገት የለውም። ድሬ ለሁለት ጎማ የምትመች ከተማ ናት። ግን አስፋልቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ ጫት የጫነው አይሱዙም፣ ፍየሉም፣ ከቀፊራ ገበያ ዘንቢል ተሸክማ የምትመለሰው እናትም እዚያው ላይ ናቸው።

በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ ክፉኛ ወድቄያለሁ። ከፊቴ ባጃጅ ነበር። ቀስ ሲል ጊዜ በቀኙ በኩል ሾልኬ ልቀድመው አልኩ። ዳር የቆመች ሴት እጇን አነሳች። ባጃጁ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ታጠፈ። መሪዬ ከጎኑ ብረት ጋር ተላተመ፣ እኔም በግራ እጄ ላይ ወደቅኩ። አንጓዬ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታሰረ። ሾፌሩ ሮጦ መጥቶ አነሳኝ። አቧራዬን እያራገፈልኝ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ «እህቴ፣ የኛን ፍሬቻ አትጠብቂ። የፊት ጎማችንን እዪ።»

ከዚያ ወዲህ የምነዳው በዚህ ምክር ነው። ሌላውን ደግሞ ከመንገዱ ተምሬያለሁ። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ከቤት ሳትወጡ ሁለት ደቂቃ ስጡት

መጀመሪያ ጎማውን በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። የሚሰረጉድ ከሆነ አየር ሙሉት። የላላ ጎማ ኩርባ ላይ ይንሸራተታል፣ ጉድጓድ ሲመታም ቶሎ ይበሳል።

ቀጥሎ ፍሬን። የሳይክሉን የፊት ፍሬን ያዙና ወደ ፊት ግፉት። ጎማው መዞር የለበትም። የኋላውንም እንደዚያው ሞክሩ። የፍሬኑ እጀታ ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ መሪውን የሚነካ ከሆነ ሽቦው ላልቷል፣ ወይም የፍሬኑ ጎማ አልቋል። ሳታሠሩት አትውጡ። ሞተር ከሆነ የእጁንም የእግሩንም ፍሬን ለየብቻ ያዙና የኋላ መብራቱ በሁለቱም መብራቱን እዩ። ከኋላችሁ ያለው ሰው መቆማችሁን የሚያውቀው በዚያች ቀይ መብራት ነው።

ሦስተኛው ልብስ ነው። ይሄን ሴቶች በደንብ ስሙኝ። ድሪያና ሽቲ ለድሬ ሙቀት የሚሆን ልብስ ነው፣ ካቴና ግን አይወደውም። ጫፉ አንዴ ካቴናው ውስጥ ከገባ ሳይክሉን ቀጥ ያደርገዋል። ጫፉን ሰብስባችሁ ወገብ ላይ ቋጥሩት፣ ከሥር ሱሪ ልበሱ። ሻሽና ነጠላም ጫፉ እንዳይንጠለጠል ወደ ውስጥ ይግባ። ሞተር ላይ ከኋላ የምትቀመጥ ሴት አደጋዋ ይብሳል። የተለቀቀ ልብስ የኋላ ጎማ ላይ ሲጠመጠም ሴትየዋን ጎትቶ ይጥላታል። ሾፌሩ ከመነሳቱ በፊት ዞር ብሎ ልብሷን ማየት አለበት። ወንዶችም ብትሆኑ የጫማችሁን ክር አስገቡት፣ የቀኝ እግር ሱሪያችሁን ጠቅልሉት።

2. ሄልሜቱን አድርጉ፣ ማሰሪያውንም እሰሩ

ሙቀቱን አውቃለሁ። ግንቦት ላይ ጭንቅላታችን የሚቀልጥ ነው የሚመስለን። ስለዚህ ብዙው ሞተረኛ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ ያንጠለጥለዋል ወይም ማሰሪያውን ሳያስር ይጭነዋል። ያልታሰረ ሄልሜት ገና ሰውየው መሬት ሳይደርስ ከራሱ ላይ ይወልቃል።

በብዙ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲገመገሙ፣ ሄልሜት የሞተረኞችን የመሞት ዕድል 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ 69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ታይቷል። ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም የሚሰጥ ሌላ ዕቃ ለሞተረኛ የለም።

ልኩን እንዲህ ዕወቁ። የፊት ጠርዙ ከቅንድባችሁ በላይ ሁለት ጣት ቢርቅ ነው። ማሰሪያው አገጭ ሥር ሲታሰር አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ ያስገባል። ራሳችሁን ግራና ቀኝ ስትነቀንቁ ሄልሜቱ አብሯችሁ ይዙር እንጂ ለብቻው አይንሸራተት። አንዴ በከባድ የወደቀ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሰሉ ነገር ተጨፍልቋል። ሁለተኛ አያድናችሁም። ሰው የወደቀበትን ሄልሜት በርካሽ አትግዙ።

3. መንገዱ ላይ ቦታ ያዙ

ጀማሪ ሁሉ ፈርቶ ወደ ዳር ይጠጋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ግን ዳሩ ነው አደገኛው። ድሬ ላይ አሸዋ የሚጠራቀመው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው። የተሰበረ ጠርሙሱም እዚያው ነው። ደግሞ በጣም ስትጠጉ ከኋላ ያለው ሚኒባስ «ቦታ አለ» ብሎ በጠባቡ ያልፋችኋል፣ እናንተም የምትሸሹበት የላችሁም።

ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ በሉ። ከቆመ መኪናም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁ፣ በሩ ድንገት ሊከፈት ይችላል። እዚህና እዚያ እየተጠማዘዛችሁ በቆሙ መኪኖች መሃል አትግቡ። ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ከኋላ ያለው ሾፌር መስመራችሁን መገመት ከቻለ ይጠነቀቅላችኋል።

4. ባጃጁን አንብቡ

ዋናው ይሄ ነው።

ባጃጅ ሦስት ጎማ ነው። ፊት ያለው አንዱ ብቻ ነው፣ የሚዞረውም እሱ ነው። ፍሬቻ ሊረሳ ይችላል፣ ሊበላሽም ይችላል። ጎማው ግን ሳይዞር ባጃጁ አይታጠፍም። ከጎኑ ስትሆኑ ወይም ሊያቋርጣችሁ ሲጠጋ ዓይናችሁ እዚያች ጎማ ላይ ይሁን። ከኋላው ከሆናችሁ ጎማዋ አትታይም። ያን ጊዜ የሾፌሩን ትከሻ እዩ። መሪው እንደ ሞተር ሳይክል ነው፣ ለመታጠፍ ሁለት እጁ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ አንዱ ትከሻው ወደ ፊት ይመጣል። ከጎማው በፊት ትከሻው ይናገራል።

ሁለተኛ ምልክት የኋላ ወንበሩ ነው። ባዶ ባጃጅ ተሳፋሪ ፈላጊ ነው። ዳር የቆመ ሰው ባየ ቁጥር ወደ ቀኝ ይገባል። ስለዚህ ባዶ ባጃጅ ስታዩ ዓይናችሁን ወደ መንገዱ ዳር ወርውሩ። እጁን ያነሳ ሰው አለ? ዘንቢል አጠገቧ ያስቀመጠች ሴት አለች? ካለች ባጃጁ ይቆማል ብላችሁ ውሰዱት። ሙሉ የሆነው ደግሞ «ወራጅ!» ሲባል ይቆማል።

ሦስተኛ፣ ባጃጅ በጠባብ ቦታ መዞር ይችላል። መኪና ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ የሚዞርበትን መንገድ እሱ ባንዴ ዞሮ ይመለሳል። ከወዲያ ማዶ የጠራው ሰው ካለ መሃል መንገድ ላይ ይዞርባችኋል። ወደ ግራ ሳብ ሲል ካያችሁ ክፍት ሆነ ብላችሁ አትግቡ።

በቀኝ በኩል መቅደም በፍጹም የለም። ያንን በአንጓዬ ተምሬዋለሁ። በግራ ለመቅደም ትከሻችሁን ዞር አድርጋችሁ ኋላችሁን እዩ፣ እጃችሁን ወይም ፍሬቻ አሳዩ፣ ከዚያ አንድ ሜትር ተኩል ርቃችሁ እለፉ። ቦታው ካልበቃ ከኋላው ቆዩ።

ከኋላው ስትቆዩ ርቀት ጠብቁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሞተር በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። ዓይናችሁ አይቶ እጃችሁ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ያልፋል። በ60 ኪሎ ሜትር ከሆነ ወደ 17 ሜትር ነው። መለኪያው ቀላል ነው። ፊት ያለው መኪና አንድ ዛፍ ወይም ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ፦ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት»። ሳትጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል።

ፍሬን ስትይዙም የፊቱን አትፍሩት። ደረቅ አስፋልት ላይ ሞተርን ከሚያቆመው ኃይል 70 በመቶ ገደማው የፊት ፍሬን ነው። በድንገት አትጨብጡት፣ ቀስ በቀስ እያጠበቃችሁ ጭመቁት፣ የኋላውንም አብራችሁ ያዙ። መሪው ቀጥ ያለ ይሁን። አሸዋ ላይ ግን ፍጥነቱን ቀድማችሁ ቀንሱ። አሸዋው ላይ ከገባችሁ በኋላ የፊት ፍሬን መያዝ መውደቅ ነው።

5. አይሱዙና ሚኒባስ

ለትልቅ መኪና ያለኝ ምክር አጭር ነው። የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላያችሁት እሱም አያያችሁም። በተለይ መታጠፊያ ላይ በቀኝ ጎኑ አትቁሙ። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ከፊቱ ይልቅ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ እናንተ ደግሞ እዚያ ናችሁ። ከኋላው ቆማችሁ ይሂድላችሁ።

ጫት የጫነ መኪና ሲመጣ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት። ጫት ትኩስነቱ ነው ዋጋው፣ ሾፌሩም ይጣደፋል። ከምሳ በፊት ያለችው ሰዓት ደግሞ ሁሉም የሚቸኩልባት ናት፣ በርጫው (የጫት መቃሚያው ሰዓት) ከመጀመሩ በፊት ቤት ለመግባት። ዓርብ የጁምዓ ሰላት ሲወጣ መጋላ ውስጥ መንገዱ በሰው ይሞላል። ያን ጊዜ ወርዶ ሳይክሉን መግፋት ይሻላል።

6. የድሬ የራሷ አደጋዎች

ከዚራ ዛፎቹ ውብ ናቸው፣ ጥላቸውም በረከት ነው። ግን ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጥላ የሚገባ ሾፌር ለጥቂት ሴኮንድ ዓይኑ ይጨልምበታል። ጥቁር የለበሰ ሳይክለኛ እዚያ ውስጥ አይታየውም። ነጭ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ልበሱ። ሞተረኞች በቀንም መብራት አብሩ።

ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡር ያቆማት ናት፣ ለሳይክል ግን ሐዲድ ወጥመድ ነው። ሐዲድ መንገድ ሲያቋርጥ ቀጭን ጎማ በብረቱና በአስፋልቱ መሃል ባለው ክፍተት ይገባል። ቀጥ ብላችሁ፣ ሐዲዱን እንደ መስቀል አቋርጡት እንጂ በሰያፍ አትለፉ። እርጥብ ከሆነ ውረዱና ግፉት።

ስለ ደቻቱ ደግሞ ረጋ ብዬ ልናገር። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በላዩ ያቋርጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ነገር ግን ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው። እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል፣ ያኔ ሰው ያላጣ ሰፈር ጥቂት ነው። በክረምት ወደ ደንገጎ ዳገት በኩል ሰማዩ ከጠቆረ በአሸዋው አታቋርጡ። በድልድዩ ዙሩ። ውኃ ውስጥ ገብታችሁ ሞተሩ ቢጠፋ ለማዳን አትታገሉ፣ ጥላችሁት ውጡ።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ ያለው ቀንም አደጋ አለው። ጎርፉ ያመጣው አሸዋ አስፋልቱ ላይ ተነጥፎ ይደርቃል። መታጠፊያ ላይ አያስታውቅም።

ወደ ሐረር የምትወጡ ሞተረኞች፣ ስትመለሱ ደንገጎን በፍሬን ብቻ አትውረዱት። ሐረር 1,880 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ ግን 1,200 ገደማ። ያ ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ላይ ካረፈ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቆማል። ማርሹን ወደ ሁለት ወይም ሦስት አውርዱና ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉ። በማርሽ ዜሮ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ አሉ። እባካችሁ አትስሟቸው። ኩርባው ላይ ወደ ግራ አትሳቡ፣ ከታች የሚወጣው ከባድ መኪና ሰፋ አድርጎ ነው የሚታጠፈው።

7. ሲመሽ

ሳይክሉ ፊቱ ነጭ፣ ኋላው ቀይ መብራት ይኑረው። መብራት ካልተገኘ የሚያንጸባርቅ ቴፕ ፓራፋንጎው ላይና ፔዳሉ ላይ ለጥፉ። ፔዳል ላይ ያለው ከፍ ዝቅ ስለሚል ሾፌሩ ከሩቅ ሳይክል መሆኑን ይለያል። ከፊት ፓውዛ አብርቶ የሚመጣ ካለ መብራቱን ትኩር ብላችሁ አትዩ። የመንገዱን የቀኝ ጠርዝ እያያችሁ ፍጥነት ቀንሱ።

8. ሰው ቢወድቅ

መጀመሪያ የሚመጣውን መኪና አስቁሙ። አንድ ሰው ከኋላ ራቅ ብሎ ይቁምና እጁን ያውለብልብ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ጉዳት የሚመጣው ሊያነሱ በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ነው።

የወደቀውን ጎትታችሁ አታስነሱት። እኛ ደግ ሕዝብ ነን፣ ወዲያው ብብቱን ይዘን ብድግ እናደርጋለን። አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ ግን ይሄ ደግነት ሽባ ሊያደርገው ይችላል። እሳት ወይም ጎርፍ ካልመጣ በስተቀር እዚያው ይቆይ። ሄልሜቱን አታውልቁ፣ መተንፈስ ካላቃተው በቀር። የሚደማ ካለ በንጹህ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ተነስቶ «ደህና ነኝ» የሚለውንም እንዲሁ አትልቀቁት። ጭንቅላቱን የመታ ሰው ከሰዓታት በኋላ ሊያስመልሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሊለው፣ ነገር ሊምታታበት ይችላል። ያ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ድል ጮራ ወይም ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። ስልኩን ተቀብላችሁ ለቤተሰቡ ደውሉ፣ ያን ሌሊት ብቻውን እንዳያድር ንገሯቸው።