ዳገቱን ከጠላው በፊት፦ በሰሜን ሸዋ ጠላ ቤት እየቆሙ በእግር መጓዝ

አምስት ስድስት ጓደኛ ሆኖ ገጠር ለገጠር መሄድና በየመንገዱ ጠላ ቤት ጎራ ማለት ብዙ ዝግጅት የሚጠይቅ አይመስልም። ቀኑ ሲበላሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ መጀመሪያው ቤት ተጫውተው፣ ጠጥተው፣ ሞቅ ብሏቸው ሲወጡ ዳገቱ ፊት ለፊት ተገትሮ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ መንገድ ስትመርጡ ከርቀቱ በፊት ዳገትና ቁልቁለቱን እዩ። ዳገቱ በሙሉ በጠዋት፣ በባዶ አንጀት ሳይሆን በባዶ ጣሳ ይለቅ።

ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ወደ አንኮበር ወይም ወደ ጣርማ በር ስትጠጉ ደግሞ ከ3000 ሜትር የሚያልፍ ቦታ ታገኛላችሁ። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ትንፋሽ ያጥራል፣ ውሃ ቶሎ ይጠማል። ሜዳ ላይ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቡድን እዚህ 3 ቢሄድ ጥሩ ነው። ሦስት ቦታ የምትቆሙ ከሆነ ከ12 ኪሎ ሜትር አትለፉ። አንዱ ቤት ቢያንስ 40 ደቂቃ ይወስዳል፣ ጨዋታ ከደራ ደግሞ አንድ ሰዓት።

ሰዓቱን እንዲህ ብታደርጉት ይሻላል፦ ጠዋት 1 ሰዓት መነሳት፣ መጀመሪያው ጠላ ከ5 ሰዓት በፊት እንዳይሆን፣ ሁለተኛው 7 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመጨረሻው 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ 11 ሰዓት ላይ መኪናው ጋ። 12 ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፤ ጫፍ ላይ ደግሞ ጉሙ ከጨለማው ይቀድማል። በአንኮበርና በጣርማ በር በኩል ጉም ሲወርድ አሥር እርምጃ ፊታችሁ ያለው ገደል አይታይም። ያኔ በግምት መሄድ ይቅር፤ ቁሙ፣ እስኪገልጥ ጠብቁ፣ ወይም የአካባቢ ሰው አስከትሉ።

ወሩም ያስፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር መሬቱ ደርቆ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ታያላችሁ። በክረምት መረሬው፣ ማለትም ጥቁሩ አፈር፣ ጫማ ሥር እየተጋገረ አንድ እግር ሁለት ኪሎ ያስመስለዋል። በበልግም ድንገት ይዘንባል። እህሉ ሳይታጨድ ከሄዳችሁ በማሳ መሃል አታቋርጡ፣ በድንበሩ ዙሩ። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም እዚያው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ ለመንገድ ቆሎና ዳቦ፣ በላስቲክ የታሰረ በሶ፣ አንድ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ፣ አንድ ዱላ። ዱላው ለቁልቁለትም ለውሻም ነው። ውሻ ሲመጣ ሩጫ አያዋጣም፤ ከሩቅ «ቤቶች!» ብላችሁ ተጣሩ፣ ባለቤቱ ይይዝላችኋል። የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መንገድ ላይ ካገኛችሁ እለፏቸው፣ ቆሎ አትወርውሩላቸው።

ጠላ ቤቱን የምታውቁት ደጃፉ ላይ በተተከለ ረጅም እንጨት ነው፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ያ ምልክት የሌለው ቤት ውስጥ ያለ ጠላ ለማኅበር ወይም ለእንግዳ የተጠመቀ ሊሆን ይችላል፤ ቢጋብዟችሁ ጠጡ፣ ገንዘብ ግን አትዘርጉ። ቡናና ስኳር ብታስቀምጡላቸው ያምራል። ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21 ይውላሉ፤ በእነዚህ ቀናት ገበሬው እርሻ ስለማይወጣ ጠላ ቤቱ ይሞላል፣ ከሰዓት በኋላ ስትደርሱ ቀድሞ ያለቀበት ቤት አይጠፋም።

ጠላ ሁሉ አንድ አይደለም። የደጋው ጠላ ብዙውን ጊዜ የገብስ ነው፤ እንኩሮው፣ ማለትም ምጣድ ላይ የሚታመሰው ሊጥ፣ ጠበቅ ተደርጎ ከታመሰ ይጠቁራል፣ ጋኑ በወይራ ከታጠነ ደግሞ ገና ወደ አፍ ሲጠጋ ጭስ ጭስ ይላል። ለመንገደኛ የሚመቸው ቅራሪ ነው፦ ድፍድፉ ላይ ሁለተኛ ውሃ ተጨምሮ የሚቀዳው ቀጭኑ። ጉሹ አተላው ስላልወረደ ይጣፍጥ ይሆናል፣ ግን ሆድ ይነፋል፤ በተነፋ ሆድ ዳገት መውጣት ቅጣት ነው። ከተማ አካባቢ የሚገኘው ፊልተር የሚባለው የተጣራ ጠላ ደግሞ ሲጠጡት ቀላል፣ ሲነሱ ጉልበት የሚያሳጣው ነው። ባለቤቷ ከመቅዳቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ስትቀምስ ታያላችሁ። ሲቀርብላችሁ አሽትቱት፦ ሆምጣጤ ከሸተተ ቆይቷል፣ እየፈላ አረፋ ከደፈቀ አልደረሰም። ጠላ ሲበጠበጥ የሚጨመረው ውሃ ያልፈላ ሊሆን ስለሚችል ሆዱ ቶሎ የሚረበሽ ሰው አንድ ጣሳ ይብቃው።

አሁን ወደ አረቄው። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የታወቀ ነውና የሚያመልጥ ጓደኛ የለም። ሂሳቡን ግን እወቁ፦ 40 ከመቶ የሚደርስ አንዲት መለኪያ አረቄ በአልኮል መጠኗ ከግማሽ ሊትር ጠላ ብዙም አትርቅም። ጠላው ሩብ ሰዓት ያስቀምጣል፣ አረቄዋ በአንድ ትንፋሽ ታልቃለች። ዳገም ከሆነ ሁለቴ የወጣ ነውና ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ አረቄ የመጨረሻው ቤት ላይ፣ አንዲት መለኪያ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ። «ለብርዱ» የሚባለው ማታለያ ነው፤ አረቄ የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ ያሞቃል፣ ግን የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል፣ ጉም ውስጥ ስትገቡ ብርዱ ይብሳል። ክብሪት ጭረው ሰማያዊ ነበልባል የሚያሳዩ አሉ፤ ያ ብርታቱን እንጂ ንጹሕነቱን አይነግራችሁም። ሰው ሲጠጣው የኖረበትን ቤት ምረጡ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግብዣ ነው። ስድስት ሰው «ይሄ በእኔ ነው» ካለ ስድስት ዙር ሆነ፣ ማንም ደግሞ ቀድሞ መቅረት አይፈልግም። ጠዋት መኪና ላይ ሳላችሁ እኩል አዋጡና አንድ ገንዘብ ያዥ ሹሙ፤ ከእሱ በቀር ማንም ኪሱ አይግባ። በየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ፣ አለቀ። ዝርዝር ብር ይያዝ፣ ኔትወርክ በሌለበት በስልክ መክፈል አይታሰብም። ባለቤቷ ልትደግም ስትመጣ ዝም ብላችሁ ካያችኋት ትሞላዋለች፤ መዳፋችሁን ጣሳው ላይ ደፍታችሁ «እናቴ በቃኝ፣ ይስጥልኝ» በሉ። «በሞቴ» ካለች ትንሽ ጠብ አስደርጉና ከንፈር አስነክታችሁ አስቀምጡት።

ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ጓደኛ ካለ ቀኑን ቀይሩ፤ እሱን ደጅ አስቀምጦ መጠጣት አያምርም። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ጠላችሁን ላይ ጨርሱ፤ ታች አርጎባውና ሌላው ሙስሊም ይበዛል፣ እዚያ ሻይና ቡና ነው።

አንዱ ከተንገዳገደ አስቀምጡት፣ ጋቢ ደርቡለት፣ ውሃና ዳቦ ስጡት፤ ገደላማ ቁልቁለት ላይ ደግፎ ማውረድ ሁለት ሰው ነው የሚጥለው። የቀረውን መንገድ ትታችሁ በቅርቡ ወዳለው የመኪና መንገድ ውጡ። ሾፌሩ ቅራሪም ቢሆን አይቅመስ።