ዘጠኝ ፎልደር ከፍቶ መጥፋት

የአክስቴን ልጅ የሰርግ ፎቶ ላጠፋው ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ስክሪኔ ላይ ዘጠኝ ፎልደር ተከፍቷል። ለአልበም የሚሆኑትን መርጬ ወደ ሌላ ፎልደር ጎተትኳቸው። ኮፒ ያደረግኩ መስሎኛል። ማታ ላይ «ይሄ ቅጂ ነው፣ ቦታ ይዟል» ብዬ ያንን ፎልደር ዲሊት አደረግሁት። ለካ ዋናዎቹ እሱ ውስጥ ኖረዋል! ሪሳይክል ቢን (ዲሊት የተደረገ ፋይል የሚቆይበት ቅርጫት) ባያወጣኝ እስከ ዛሬ አክስቴ ቤት አልረግጥም ነበር።

ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር፤ ሳያውቁ መጎተት። ዊንዶውስ ላይ ሁለቱም ፎልደሮች አንድ ድራይቭ (እንደ C ወይም D ያለ የማከማቻ ክፍል) ውስጥ ካሉ የተጎተተው ፋይል ይዛወራል፤ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር ሲሆን ግን ኮፒ ይደረጋል። እጃችን የሚሠራው ያው ነው፣ ውጤቱ ግን ሁለት ዓይነት። ኮንትሮልን ተጭናችሁ ከጎተታችሁ ኮፒ ነው፤ ሺፍትን ከተጫናችሁ ማዛወር። ይሄን መሸምደድ ለሚታክተው (እኔ አንዱ ነኝ) በማውሱ የቀኝ ቁልፍ መጎተት ይሻላል። ስትለቁት ኮፒ ይሁን ወይስ ይዛወር ብሎ ራሱ ያስመርጣችኋል። ከተሳሳታችሁም ሌላ ነገር ሳትነኩ ወዲያው ኮንትሮልና ዜድ።

ሁለተኛው ስህተት ለእያንዳንዱ ፎልደር አዲስ መስኮት መክፈት ነው። ዊንዶውስ 11 ከ2022 ጀምሮ ፎልደርን እንደ ብሮውዘር በታብ ይከፍታል። ኮንትሮልና ቲ አዲስ ታብ ያመጣል፤ ኮንትሮልና ደብሊው ይዘጋዋል። ፎልደሩን በማውሱ ጎማ ብትጫኑት ደግሞ በራሱ ታብ ይከፈታል። ማክ ላይ ይሄ ከ2013 ጀምሮ አለ። ዊንዶውስ 10 ታብ የለውም። እዚያ ኮንትሮልን ይዛችሁ ታስክባር (ስክሪኑ ግርጌ ያለው መስመር) ላይ ያለውን የፎልደር ምልክት ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ የተከፈቱት መስኮቶች ተራ በተራ ብቅ ይላሉ።

መስኮቶቹን እንደ እንጀራ መደራረብም አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ፋይል የምታዛውሩ ከሆነ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዛችሁ አንዱን በግራ ቀስት፣ ሌላውን በቀኝ ቀስት ወደ ዳር ስደዱ። ስክሪኑን እኩል ይካፈላሉ። ምንጩንም መድረሻውንም እያያችሁ መሳሳት ይከብዳል።

ካላችሁበት ፎልደር እሱን ወደያዘው ፎልደር ለመውጣት አልትና ወደ ላይ ቀስት፤ ወደነበራችሁበት ለመመለስ አልትና የግራ ቀስት። ዘግቶ እንደገና ከመጀመር ይሻላል።

ስም አወጣጥ ላይ ግን እኛ የራሳችን ጣጣ አለን። «ኒው ፎልደር» ከነቁጥሩ ሲደረደር የቱ የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል? ይሄ የዓለም ሁሉ ችግር ነው። የእኛ የሚብሰው በቀን መቁጠሪያው ነው። አንዱ ፎልደር «2017 ጥር» ይላል፣ ጎኑ ያለው «2025 ጃንዋሪ»። ወሩ በአብዛኛው አንድ ነው፤ በስም ስትደረድሯቸው ግን ስምንት ዓመት የተራራቁ ይመስላሉ። ቢሮ ውስጥ ለአራት ሰው የሚከፈት ፎልደር ከሆነማ አይነሳ። አንዱን መቁጠሪያ ምረጡና ዓመቱን ከፊት፣ ከዚያ ወሩን፣ ከዚያ ቀኑን በቁጥር ጻፉ። ነጠላውን ቁጥር በዜሮ ጀምሩት፤ 5 ሳይሆን 05። ያኔ ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ያሰልፍላችኋል።

የመጨረሻው ስህተት ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል ከፍቶ እዚያው መሥራት ነው። ከሌሎቹ መስኮቶች ጋር ተመሳስሎ ይረሳል። ፍላሹን ልታወጡ ስትሉ «በሥራ ላይ ነው» የሚለው ለዚህ ነው፤ አንድ ቦታ ያልዘጋችሁት ፋይል አለ። ደግሞ ከፍላሽ ላይ የጠፋ ፋይል ሪሳይክል ቢን አይገባም፤ በቃ ሄደ። የዚያን ማታ ሁለቱም ፎልደሮች ፍላሽ ላይ ቢሆኑ ኖሮ አክስቴን ምን እላት እንደነበር እንጃ።